ታጎቼን ሳጸዳ የሰው ቃል አጠፋሁ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መፍረስ ሲጀምር የነዋሪዎቹን ትዝታ መመዝገብ ጀመርኩ። ቀን ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ እየዞርኩ አወራለሁ፤ ማታ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብዬ ኦብሲዲያን ወደሚባለው የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም እገለብጣለሁ። ለሰፈር፣ ለሙያ፣ ለዘመን፣ ላገኘሁት ነገር ሁሉ ታግ፣ ማለትም በ# ምልክት የሚጀምር መለያ ቃል፣ ሰጠሁ። በዓመቱ 340 ማስታወሻና 212 ታግ ነበረኝ። ገጹ ሁሉ ባለቀለም ሳጥን ሆነ። ሰዎቹ ያወሩኝን ለማንበብ ከታግ መሀል መልቀም ነበረብኝ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበል። ታጎችን ከነብዛታቸው የሚያሳየውን የጎን ሰሌዳ ከፍቼ አንዴ ብቻ የገቡትን ሰረዝኩ። ገጹ አናት ላይ የነበሩትን ፕሮፐርቲስ ወደሚባለው የገጹ መረጃ ሳጥን አስገባሁና ከሴቲንግ፣ ኤዲተር የሚለው ስር ገብቼ እንዳይታዩ አደረግኩ። ባይታዩም ሲፈለጉ ይገኛሉ።

ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ጣጣ አለ፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። #አፄ፣ #ዐፄ እና #አጼ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለፕሮግራሙ ሦስት ታግ። #ቤት፣ #ቤቱ፣ #ቤታቸውም እንደዚያው። «በ»ን ወይም «ከ»ን ከምልክቱ ጋር ካጣበቅኩ ደግሞ ጭራሽ ታግ መሆኑ ይቀራል። ከ212ቱ ስንቱ የፊደል ልዩነት ብቻ እንደነበር ሳይ በጣም ተናደድኩ። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፊታችሁ ለጥፉት።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገቡት ታጎች ቀርተው ነበር። ኦብሲዲያን በሁሉም ፋይል ላይ በአንዴ የሚተካ የራሱ መሣሪያ የለውም። ፋይሎቹ ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ፎልደሩን ቪኤስ ኮድ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከፈትኩ። #ዶሮ-ማነቂያ የሚለውን ፈልግ፣ በባዶ ተካ፣ በሁሉም ላይ። #እሪ-በከንቱን እንደዚሁ። #ቤትንም። ገጾቹ ንጹሕ ሆኑ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ አዘዝኩ።

በሦስተኛው ቀን የአንዲት እናትን ታሪክ ከፈትኩ። «ተወልጄ ያደግኩት ነው። ባሌን ያገኘሁትም እዚያው ነው» ይላል። የት? ታጉን እንደ ቃል ተጠቅሜበት ነበር፤ ታጉ ሲሄድ ቃሉ አብሮ ሄደ። ሌላ ገጽ ላይ #ቤት-ኪራይ የነበረው «-ኪራይ» ሆኖ ቀርቷል። ወደ ንዑስ ርዕስ የሚወስዱ ሊንኮችም ያንኑ # ስለሚጠቀሙ ተበላሹ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀምጠውን የኦብሲዲያን መሣሪያ፣ ፋይል ሪከቨሪን፣ ከፈትኩ። እሱ ካልቀየሩት በቀር የሚያስቀምጠው የ7 ቀን ብቻ ነው፤ የእኔ ማስታወሻዎች ደግሞ ወራት ያለፋቸው ናቸው። ክላውድ ላይ ያለውም ኮፒ ከእኔው ስህተት ጋር ታድሶ ጠበቀኝ። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ያቺን ሁለት ደቂቃ ነሳሁት።

ድምፃቸውን የቀዳሁትን እንደገና አዳመጥኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያልቀዳኋቸው ጋ ደወልኩ። እኚያ እናት አሁን ኮንዶሚኒየም ገብተዋል።

«እማማ፣ ያደግኩት የት ነው ነበር ያሉኝ?»

«ነግሬህ አልነበር እንዴ ልጄ? ጽፈኸው አልነበር?»

ጽፌው ነበር። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት አቃተኝ።

ብዙ ቪዲዮዎች ታጉን በሲኤስኤስ ስኒፔት (የገጹን መልክ በሚቀይር አጭር ኮድ) ደብቁት፣ ቀለሙን አጥፉት ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ደብቄ ነበር፤ አሁን ግን አልስማማም። የተደበቀ ታግ እየተራባ ይሄዳል፤ ቀንሱ እንጂ አትደብቁ። እኔ አሁን 14 ብቻ ነው ያለኝ፤ ሁሉም ገጹ አናት ላይ ናቸው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታግ በጭራሽ አላስገባም። የቦታ ስም ሊንክ ይሁን፤ ሊንክ ክፍት ቦታ ስለሚቀበል «ዶሮ ማነቂያ» ያለ ሰረዝ እንደ ሰው ይጻፋል። በጅምላ ከመተካታችሁ በፊት ደግሞ ኮፒ አድርጉ፤ ከዚያ በየፋይሉ እያያችሁ ተኩ፤ ቢያሰለችም።

አራት ሰዎች ስልካቸው አይነሳም። ሰፈራቸው ሄጄ እንዳልጠይቅ ሰፈሩ የለም። ገጻቸው ላይ ቃሉ የነበረበትን ቦታ በባዶ ቅንፍ ምልክት አድርጌበታለሁ።