ጳጉሜ 3 ማታ፣ ሐይቁ ዳር

ይህን የምጽፈው ስእለት ስላለብኝ ነው። ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ለሰውም እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ጃንጥላው ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ገብቷል። ምስክርነቱን ግን ዛሬ ነገ ስል ይኸው ጳጉሜ ተመልሶ መጣ።

እኔ ሯጭ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና የቢሮ ልጆች ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄደን ታላቁ ሩጫን እንሩጥ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። 10 ኪሎ ሜትር ነው። (ጨርሻለሁ፤ ስንተኛ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ።) ለልምምድ ከሥራ ስወጣ ጫማዬን ቀይሬ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር እይዝ ነበር። አስፋልት አልወድም። ፍቅር ሐይቅን አልፌ፣ ሰው የሚበዛበትን ትቼ፣ ሣርና ሸምበቆ ባለበት የእግር መንገድ እሮጣለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያ መንገድ ሌላ ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አደይ አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ጉሬዛዎች ዛፍ ለዛፍ ይዘላሉ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ለእርቅ እንደተጠሩ ሽማግሌዎች ቆመው ዝም ብለው ያዩሃል። ሰማዩ ታጥቦ ታቦር ተራራ ቅርብ ይመስላል።

ያን ቀን ሩፋኤል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጥቶ ዝናቡን ታጠበ። እኔም የቀኑ ጠበል ይድረሰኝ ብዬ በካፊያው ወጣሁ። ጥፋቴ መዘግየቴ ነው። ስመለስ 12 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ጀንበሯ ጠልቃለች። ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። እኔም አውቃለሁ። ግን ረሳሁት።

መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን አርገበገበ።

ቢርቅ 15 እርምጃ ነው። እሱ በመሬቱ በኩል፣ እኔ በውሃው በኩል። ጉማሬ አጥብቆ የሚጠላው ይህንኑ ነው፤ ወደ ውሃው በሚመለስበት መንገድ ላይ የቆመን ነገር አይምርም። ከ1,000 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ደግሞ ሰውን በሩጫ ይቀድማል። ያ ሁሉ ልምምዴ ለእሱ ሶምሶማ ነው።

ጉልበቴ ከዳኝ። «ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚህ አውጣኝ፣ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ፣ ለሰውም እመሰክራለሁ» አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ይሁን በልቤ አላውቅም። ቀኑ የሩፋኤል፣ የጠራሁት ገብርኤልን! ሐዋሳ ያደገ ሰው ሲደነግጥ ሌላ ስም አፉ ላይ አይመጣም። ሩፋኤል የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ምን ላደርግ ነበር መሰላችሁ? ውሃው ውስጥ ልገባ! ሸምበቆው ይደብቀኛል ብዬ። አንድ እግሬ ጭቃው ውስጥ ስምጥ እንዳለ ከሐይቁ በኩል ጩኸት ሰማሁ። በሲዳሙ አፎ ነው፤ አልገባኝም። ቀጥሎ በአማርኛ መጣ፦ «አንተ ልጅ! ውሃውን ልቀቅለት! ወደ ጎን! ወደ ዛፉ!» ጀልባ ላይ የቆሙ አሣ አጥማጅ ናቸው። ጀልባቸውን በመቅዘፊያ እየደበደቡ ይጮኻሉ።

እግሬን ስነቅል ጫማዬ እዚያው ቀረ። ዛፉ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ብቻ ጉማሬው እኔ በቆምኩበት በኩል ሸምበቆውን እየሰባበረ ሲገባ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ዛፉን እንዳቀፍኩ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቡናና ስኳር ይዤ ፈልጌ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ነፍሴን ነው ያተረፉልኝ» ስላቸው ሳቁ።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ በ11 ሰዓት ቤቴ ነኝ» አሉ። «ትናንት መረቤን ሸምበቆ ይዞብኝ እሱን ስፈታ አመሸሁ። ጨርሶ ቀደደብኝ!»

እሳቸው ሸምበቆውን ይራገማሉ። እኔ መረቡን ማን ይዞት እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን የተቀደደ መረብ ለያዘ ሰው ይህ አይነገርም። ቡናውን ሰጥቼ፣ የመረቡንም ማሳደሻ ትንሽ ብር ጨምሬ ተነሣሁ።

«ቆይ እንጂ» አሉኝ። ጫማዬን አጥበው ጀልባው ጫፍ ላይ ሰቅለውት ነበር።