ሼፓርተን፣ ቁልፍ የሌለው ክፍልና 400 ዶላሬ

አውስትራሊያ ውስጥ ለፍራፍሬ ለቀማ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ጥር ላይ ነው የሄድኩት። ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር የማውቃት ልጅ «ሼፓርተን የፒር ለቀማ አለ፣ ቤቱንም ኮንትራክተሩ (ለቃሚዎቹን የሚቀጥረው ሰውዬ) ይሰጣል» አለችኝ። ከሜልበርን ወደ ሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደስ ብሎኝ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ።

ቤት የተባለው አልጋ ነበር። ሦስት መኝታ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰው። እኛ አራት ሴቶች በአንዱ፣ ወንዶቹ በሁለቱ። በሳምንት 140 ዶላር ከደመወዜ ይቆረጣል። ገና ሳልቀመጥ ደግሞ ኮንትራክተሩ 400 ዶላር ቦንድ፣ ማለትም ስወጣ የሚመለስ ማስያዣ፣ በኬሽ ተቀበለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «እህቴ፣ እዚህ ሁሉም እንደዚህ ነው» አለኝ። ሥራውን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን በሩ ነው። ቁልፍ የለውም። ማታ ሻንጣዎቻችንን ደርድረን በሩን እንደግፍና እንተኛለን፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አራታችንም እንነቃለን። ወንዶቹ ክፉ አልነበሩም፣ እንደ እህት ነው የያዙን። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ የምትውል ሴት እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ለሰባት ሳምንት አንድም ቀን ጠግቤ አልተኛሁም።

ለቀማው ሲያልቅ ቦንዴን ጠየቅኩ። «ፍራሹን አበላሽተሻል» አለኝ። ስገባም ያው ነበር።

ሜልበርን ስመለስ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን «ለምን ቪካት አትከሺውም?» አሉኝ። ቪካት የቪክቶሪያ ችሎት ነው፣ የአከራይና የተከራይን ጉዳይ ያያል። እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ መጀመሪያ የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ ወደሆነው 131 450 ደወልኩ። የአማርኛ አስተርጓሚ ሰጡኝ፣ የተከራይን መብት ከሚያስረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ ጋርም አገናኙኝ።

እዚያ የሰማሁት ነገር አናደደኝ፣ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ! በቪክቶሪያ ሕግ ክፍሎቹ ለአራት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚከራዩበት ቤት ሩሚንግ ሃውስ ይባላል። በማዘጋጃ ቤቱ መመዝገብ አለበት፣ አከራዩም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ያ የኛ መኝታ ክፍል በቁልፍ የሚዘጋ በር እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ቦንዱም አከራዩ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የመንግሥት የቦንድ መሥሪያ ቤት መግባት አለበት። የኔን ሲፈልጉት ምንም የለም። ደግሞ የጽሑፍ ውል የለኝም ብዬ አፍሬ ነበር፣ ለካ የቃል ውልም ውል ነው።

ማስረጃዬ ሁለት ነገር ነበር። የቤት ኪራይ ቆረጣው የተጻፈበት የደመወዝ ወረቀት፣ እና ኮንትራክተሩ «400 ደርሶኛል» ብሎ የላከልኝ ቴክስት። ያን ቴክስት ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፣ ያቺ የፉትስክሬይዋ ልጅ «ብሩ ደረሰህ ወይ ብለሽ ጻፊለት» ስላለችኝ። እናንተ ግን ሆን ብላችሁ ጻፉለት፣ የክፍሉንና የፍራሹንም ፎቶ በገባችሁበት ቀን አንሡ።

ማመልከቻዬን ለቪካት አስገባሁ። ከቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው 400 ዶላሩ አካውንቴ ገባ።

ሦስቱ የክፍል ጓደኞቼ ግን እስካሁን አልተከፈላቸውም። አንዷ ነገ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ማመልከቻዋን አብረን እንሞላለን።