ኅትመቱ የተቋረጠ የፍልስፍና መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ

የፍልስፍና መጽሐፍ ከገበያ ሲጠፋ፣ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማዋስ ማቆም ነው። ያሳዝናል፤ ግን ይገባኛል። የፍልስፍና መምህሩ የክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 አዲስ አበባ ላይ በ5 ቅጽ ታትሟል፤ ዛሬ ደሴ ላይ አምስቱንም አሟልቶ ማግኘት ከባድ ነው።

ያጣ ሰው ኮፒ ያስነሳል፣ ከኮፒው ሌላ ኮፒ ይነሳል። በግዕዝ ፊደል ለተጻፈ መጽሐፍ ይህ አደገኛ ነው፤ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ቅጥያዎች ናቸው። «ቡ» «በ» ይመስላል፤ የፈላስፋው (የንጉሡ ሳይሆን) የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ዋልታ የሆነው «ልቡና» (ማስተዋል) «ልበና» ሆኖ ቁጭ ይላል! ስለዚህ ከዋናው ቅጂ ብቻ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ በግራጫ ስካን አድርጉ። ጥቁርና ነጭ ከመረጣችሁ ማሽኑ የደበዘዘውን መስመር ነጭ አድርጎ ይጥለዋል።

መጽሐፉን መስታወቱ ላይ አትጫኑት፤ የደረቀ ሙጫ ይሰነጠቅና ገጹ ይረግፋል። 90 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍታችሁ፣ መስኮት አጠገብ፣ አንድ አንድ ገጽ በስልክ ማንሳት ይሻላል።

አሮጌ ቅጂ ስትገዙ የገጽ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ተከተሉ። ሉሁ ታጥፎ ስለሚሰፋ፣ ሲጎድል ብዙ ጊዜ 16 ገጽ አብሮ ይጎድላል።

የደሴ ክረምት እርጥብ ነው፤ መደርደሪያውን ከግድግዳው አራርቁ። የረጠበውን በየገጹ መሃል ንጹሕ ወረቀት እያስገባችሁ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አድርቁ እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡ።

ኮፒውን መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ኅትመት ቢቆምም የቅጂ መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል።