የኬሻው ክብደት ከቅንፉ ውስጥ

በዚህ በጥር ወር ጅማ ውስጥ ጀንፈል ቡና (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ከየደጁ እየተነሣ ወደ ገበያ ስለሚወርድ፣ የሰዉ ወሬ ሁሉ ስለ ሚዛንና ስለ ዋጋ ነው። እህቴም የጓሮዋን ቡና አድርቃ በ4 ኬሻ ሞልታ ስለነበር፣ ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ በእናቱ እጅ የሚገባውን ገንዘብ በአልጀብራዊ መግለጫ እንዲጽፍ ጠየቅሁት።

አስቀድሞ ነገሩን በቃል እንዲናገር አደረግሁ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ የውርስ ክፍፍልን፣ የንግድንና የመሬት ልኬትን ጥያቄዎች የፈታው በቃላት ነው፤ ለታወቀውም ላልታወቀውም መጠን ፊደል መተካትን ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪየት እጅግ ዘግይቶ በ1591 እ.ኤ.አ. ነበር። ልጁም «ሚዛኑ ካነበበው ክብደት ላይ ለእያንዳንዱ ባዶ ኬሻ ክብደት 1 ኪሎ ይቀነሳል፣ የቀረው በዋጋው ይባዛል፣ ከዚያ ባጃጁ ለአንድ ኬሻ 50 ብር ይወስዳል» አለ። በቃል ምንም አልጎደለውም። ሲጽፈው ግን ዋጋውን ዋ፣ ክብደቱን ክ፣ የኬሻውን ብዛት ሸ ብሎ፣ ዋ × ክ − ሸ − 50ሸ አደረገው።

ስሌቱን ከማረም ይልቅ «ዋ × ክ ምንድን ነው?» አልሁት። «ብር» አለ። «የመጀመሪያው ሸስ?» ስለው ጥቂት አሰበና «ኪሎ ነው፤ አጎቴ፣ ከብር ላይ ኪሎ እንዴት ይቀነሳል?» ብሎ ራሱ ቅንፉን አስገባ፦ ዋ(ክ − ሸ) − 50ሸ። ለእኔ አልጀብራን መማር ማለት ይህ ነው፤ መልስ ላይ ከመድረስ በፊት እያንዳንዱ ፊደል የምን መጠን እንደሆነ መጠየቅ።

ለስሌት እንዲመች ዋ 100 ብር፣ ክ 154 ኪሎ፣ ሸ 4 ብለን ስንተካ፣ 100 × 150 − 200፣ ማለትም 14,800 ብር ሆነ። ያለ ቅንፉ 15,196 ብር ይወጣ ነበር፤ 396 ብር የሌለ ገንዘብ።

ከዚያ ልጁ ቡናው በ3 ኬሻ ቢጠቀጠቅ የሚቀነሰው ኪሎ ያንሳል፣ ስለዚህ ትርፉ ብዙ ነው ብሎ ተነሣ። ሸ ሲቀንስ ሚዛኑም አብሮ ወደ 153 እንደሚወርድ አሳየሁት፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ያው 150 ነው፣ የተረፈው የባጃጁ 50 ብር ብቻ ነው። ድምሩም 14,850 ብር መጣ። ይህን መልሱ ብቻ አያሳየውም፣ የሚያሳየው መግለጫው ነው።

ልጁ ደብተሩን ሳይዘጋ የባጃጁም ዋጋ እንደሚለዋወጥ አስታወሰኝና 50ን ሰርዞ በቦታው ባ ጻፈ፦ ዋ(ክ − ሸ) − ባሸ።