ጎግል ላይ «ምንም የለም» ለሚሉኝ

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ስለምሠራ መመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች ብዙ ይመጡብኛል። «ስለ ጅማ ምንም የለም እኮ» ይሉኛል። አለ! አጠያየቁን ስላልለመዱት ነው።

በቀደም አንዲት የግብርና ተማሪ ስለ ቡና ፍሬ በሽታ ጥናት ፈልጋ የሚወጣላት የቡና መሸጫ ገጽ ብቻ ሆነባት። አብረን ቁጭ አልን። የበሽታውን ሙሉ የእንግሊዝኛ ስም በድርብ ጥቅስ ውስጥ አስገባነው። ያኔ ጎግል ቃላቱን ሳይበትን እንደተያያዙ ይፈልጋል። ጅማን ጨመርን። ከዚያ የፒዲኤፍ ሰነድ ብቻ እንዲያመጣልን ፋይልታይፕ፣ ባለ ሁለት ነጥቡ ምልክት፣ ፒዲኤፍ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መሃሉ ላይ ክፍተት ሳይኖር። ጥናቶቹ ተደረደሩ። «ውይ፣ እስካሁን የት ነበሩ?» አለች።

ኬንያ ሲበዛባት በመቀነስ ምልክት ልታስወጣት ነበር። «ተይ፣ እንዳትነኪያት» አልኳት። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1922 ኬንያ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ የታየው በ1971፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ስለዚህ የእኛ ተመራማሪዎችም መግቢያቸው ላይ ኬንያን ያነሳሉ። እሷን ስትቀንሺ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። የመቀነስ ምልክት የሚጠቅመኝ ስለ ንጉሥ አባ ጅፋር ስፈልግ ነው። የእግር ኳስ ክለቡ እየቀደመ ያስቸግራል፤ «ክለብ» የሚለውን ስቀንስ ቤተ መንግሥቱና ታሪኩ ወደ ላይ ይወጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የከተማችን ስም አጻጻፍ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤም ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት። የድሮ ጽሑፎች ከፊቱ ዲ ይጨምሩበታል። በአፋን ኦሮሞ መጨረሻው ላይ ኤ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እኔ ሁሉንም በመሃላቸው በትልቁ ኦ አር እያስገባሁ በአንዴ እጠይቃለሁ። የአማርኛውም እንደዚያው ነው፤ «ሐኪም» ብላችሁ ካጣችሁ «ሀኪም» በሉት።

የምትፈልጉት ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ እንዳለ ካወቃችሁ፣ ሳይት ብላችሁ ያንኑ ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት አስከትሉና የድረ ገጹን አድራሻ ጻፉ። ፍለጋው ከዚያ ቤት አይወጣም። ሊንኩ አልከፈት ካለ ደግሞ አድራሻውን ኮፒ አድርጋችሁ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ለጥፉት። በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ የተቀመጡ ገጾች አሉት፣ ክፍያም የለውም።