ገል ማንበብ፦ አራተኛው ወር

የጥንት ከብት አርቢዎች ወተት ይጠቀሙ እንደነበር በምን እንደሚታወቅ ሳነብ ይኸው አራተኛው ወር ነው። እስካለፈው ወር ድረስ አጥንት ላይ ነበርኩ። ላም ናት፣ በግ ናት፣ ስንት ዓመቷ ነው እያልኩ ጥርስና መንጋጋ ሳይ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ። አጥንት የታረደውን እንጂ የታለበውን በቀጥታ አይነግርህም። ከብት አርቢ ደግሞ ላሙን በየቀኑ እያረደ አይኖርም። ስለዚህ ወደ ገል ዞርኩ። ገል ያው ስባሪ ሸክላ ነው፤ ኢዮብ ቁስሉን ያከከበት።

ነገሩን እናቶቻችን ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ለምን በጎመን ዘር ይሟሻል? ሸክላ ስለሚጠጣ ነዋ። በዓይን የማይታዩት ቀዳዳዎቹ ቅባት ይይዛሉ፤ ከያዙ ደግሞ ሺህ ዓመት አይለቁም። ተመራማሪዎች የገሉን ላዩን ፍቀው ይጥሉና 2 ግራም ያህል ፈጭተው ቅባቱን በኬሚካል ያወጡታል።

ይህን አንብቤ መቀመጥ አልቻልኩም። ከቀጨኔ ትንሽ ድስት ገዛሁና ሳላሟሽ ወተት ማፍላት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ድስቱ ከውጪ አላበው። በአሥራ አንደኛው ቀን ቂጡ ተሰነጠቀና ቡታጋዙ በወተት ተጥለቀለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ አከራዬ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ምን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

ያም ሆኖ ድስቱን አልጣልኩትም። ሰባበርኩትና ስብራቱ ላይ ውኃ ጠብ አደረግሁ። ከቂጡ የወሰድኩት ገል ውኃውን ወዲያው ጠጣው። ከአፉ አካባቢ የወሰድኩት ላይ ግን ጠብታው ድብልብል ብሎ ቆመ። እኔ ቅባቱን የጠበቅሁት ከታች ነበር። ሲፈላ እኮ ስቡ ይንሳፈፋል! ለካ በቤተ ሙከራም የታወቀ ነገር ነው፤ ለማፍያ ከዋለ ዕቃ ብዙ ቅባት የሚገኘው ከአፉና ከላይኛው ጎኑ ነው።

ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። ገሎቹን በባዶ እጄ ለቅሜ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። የጣት ወዝም የፕላስቲክ ኬሚካልም ገሉ ውስጥ ገብቶ ውጤት ያበላሻል። ባለሙያዎቹ በፎይል ነው የሚጠቀልሉት። የኔዎቹ ቢመረመሩ ከላሟ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምገኘው።

ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ወተትን ከሞራ የመለየቱ ነገር ነው። ትኩስ ወተት በአጫጭር የቅባት አሲዶቹ ይታወቃል። እነዚያ ግን መሬት ውስጥ ቶሎ ይጠፋሉ፤ የሚተርፈው ሞራ ይመስላል። መፍትሔው ካርቦን ነው። ካርቦን ቀላልና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። የላም ጡት ስቴሪክ የሚባለውን የቅባት አሲድ ራሱ አይሠራም፤ ከመኖው የመጣውን፣ ከባዱ ካርቦን የሚያንሰውን፣ ከደሟ ይወስዳል። ስለዚህ ወተት ውስጥ ያለው ስቴሪክ ፓልሚቲክ ከሚባለው ጎረቤቱ የቅባት አሲድ ይልቅ ከባዱ ካርቦን ያንሰዋል። ልዩነቱ ከሺህ 3 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወተት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሚያወራው ግን ብዙ ነው።

ይህ ዘዴ ደቡብ ምዕራብ ሊቢያ፣ አካኩስ ተራራ ውስጥ ታካርኮሪ በሚባል ዓለት ሥር ያለ የጥንት መጠለያ በተገኙ ገሎች ላይ ተሞክሯል። ድስቶቹ በተሠሩበት ዘመን ሰሃራ ሣርና ሐይቅ ነበረው። አካባቢው ላይ ከብቶች፣ አልፎ አልፎም ላም ሲያልቡ የሚያሳዩ የዓለት ሥዕሎች አሉ፤ ዕድሜያቸውን መቁጠር ግን አስቸጋሪ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው 81 ገሎች መርምረው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ሺህ ዓመት ወተት በሸክላ ይሠራ እንደነበር አሳዩ። ሥዕሉ ያልመሰከረውን ዘመን ድስቱ መሰከረ።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከታካርኮሪና እዚያው አካኩስ ካለው ከኡአን አፉዳ ዋሻ የመጡ 110 ገሎች ተመረመሩ። እነዚህ የዕድሜ ባለጸጎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የተገኘው የዕፅዋት ቅባት ነው፤ የዱር ሣር ዘር፣ ቅጠል፣ የውኃ ዳር ተክል። ድስቱ ወተት ከማየቱ በፊት ገንፎ ቢጤ ሳያይ አልቀረም።

አንድ ነገር ግን ያስጠረጥረኛል። የኛ አገር አርብቶ አደሮች ወተት የሚይዙት በቅልና በስፌት ዕቃ ነው። ሁለቱም ይበሰብሳሉ። ስለዚህ «ገሉ ላይ ወተት የለም» ሲባል «ወተት አልጠጡም» ማለት አይደለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ጥርስ ነው። በ2021 የሱዳንና የኬንያ ጥንታዊ ሰዎች ጥርስ ላይ ከተጋገረው ቆሻሻ የወተት ፕሮቲን ወጥቷል። ካድሩካ የሚባለው የሱዳኑ የመቃብር ቦታ 6 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ትልቅ ሰው ወተት እንዲስማማው የሚያደርገው ዘረ መል ያኔ ገና አልተስፋፋም። ታዲያ እንዴት ቻሉት? እንደኔ ግምት እርጎ እያደረጉት ነው። ሲረጋ ላክቶሱ፣ ማለትም ሆድ የሚያውከው የወተት ስኳር፣ ይቀንሳል። እኔም አንድ ብርጭቆ ጥሬ ወተት ከጠጣሁ ቀኔ ያበቃል፤ እርጎ ግን በጆግ ብታቀርቡልኝ እምቢ አልልም።

ሁለተኛውን ድስት በደንብ አሟሽቼ ጀምሬአለሁ። በዚህኛው እርጎ ነው የማሞቀው፣ አይብ እንዲወጣለት። ከሥሩ ትሪ አድርጌአለሁ፤ ለአከራዬም ቀድሜ ነግሬአቸዋለሁ።