ሥራ ላይ ያልዋለው ዲስክ

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ነው። ደብረ ማርቆስ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ «ቦታ የለም» ብሎ ሒሳብ መመዝገብ ያቆመው በዚያው ሰሞን፣ የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች ምሳ እንኳ በቅጡ በማይበሉበት ጊዜ ነበር።

ሰርቨሩ በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን 500 ጊጋ ባይት የሆነው የመረጃ ዲስክ በኤልቪኤም (የዲስክን ቦታ እንደ ፍላጎት ለመከፋፈልና ለማስፋት በሚያገለግል የሊኑክስ መሣሪያ) ተከፋፍሏል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሁሉንም አሳምሮ ሠርቶ ሳለ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ቦታ ሳያስቀር ዲስኩን በሙሉ ለሎጂካል ቮልዩሞች፣ ማለትም ኤልቪኤም ከዲስኩ ቆርሶ ለሚሠራቸው ክፍሎች፣ አድሎታል። ሒሳቡ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ቮልዩም ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሠራተኞች ፋይል ይቀመጥበታል የተባለው ግን ባዶውን ተንጣሎ ይታያል።

«ከዚያ ቀንሰህ ለዚህ አትጨምርም?» አሉኝ የሒሳብ ኃላፊዋ።

የጠየቁት ተገቢ ነበር። ችግሩ ባዶው ቮልዩም የተዘጋጀበት ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ኤክስኤፍኤስ የሚባለው መሆኑ ነው። ኤክስኤፍኤስ ሲያሰፉት እሺ ይላል፤ ላጥብብህ ሲሉት ግን እምቢ ነው። መረጃውን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ቮልዩሙን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይጠይቃል። በሰኔ መጨረሻ እንዲህ ያለው ነገር አይሞከርም።

ደግነቱ መጋዘን ውስጥ 1 ቴራ ባይት ዲስክ በካርቶኑ ተቀምጦ ነበር፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ፈላጊ ያጣ። በሞዴል 22 አወጣነው። የዳታቤዙን ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ካስቀመጥኩ በኋላ አዲሱን ዲስክ የቮልዩም ግሩፑ (ቮልዩሞቹ የሚቆረሱበት የዲስኮች ስብስብ) አባል አደረግሁትና ለዳታቤዙ 100 ጊጋ ባይት ጨመርኩለት።

«ምንም አልጨመረም እኮ!» አለች አብራኝ የነበረችው የተግባር ልምምድ ተማሪ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያሳየችኝ። እውነቷን ነው። ቮልዩሙ ሰፍቷል፤ በላዩ ያለው ፋይል ሲስተም ግን መስፋቱን ገና አላወቀም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የዳታቤዙ ፋይል ሲስተም ኤክስት4 የተባለው ሌላ ዓይነት ስለነበር ሥራ ላይ እያለ አሰፋነው፤ አንድም ሰው ከሲስተሙ ውጣ አልተባለም።

ክርክሩ የመጣው በሐምሌ፣ በንብረት ቆጠራ ጊዜ ነው።

«አንድ ቴራ ባይት ወስደህ 100 ጊጋ ብቻ ሥራ ላይ አዋልህ። ቀሪውን ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ ንብረት ክፍሉን የሚመሩት አዛውንት።

«ጋሼ፣ ከሁለት ማሳ የተወቃ ጤፍ አንድ ጎተራ ገብቷል እንበል። እርስዎ ለየቤቱ ሰፍረው ሲሰጡ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ያድላሉ?»

ትንሽ አሰቡና «ጎተራው ቢቃጠልስ?» አሉኝ።

በዚያ መሥሪያ ቤት ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ሁለት ዲስክ በአንድ ግሩፕ ማዋል ቦታ ያሰፋል እንጂ መረጃን ከጥፋት አይጠብቅም፤ እንዲያውም የአንዱ መበላሸት ብቻ ለጉዳት ይበቃል። በዚያው ሳምንት ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን ቋሚ ዲስክ እንዲገዛ ጠየቅሁ።

በጥቅምት አሮጌው ዲስክ የመበላሸት ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ። «ሥራ ላይ ያልዋለው» 900 ጊጋ ባይት ያኔ ደረሰልን፤ ሠራተኛው ሒሳቡን እየመዘገበ፣ ኤልቪኤም የአሮጌውን ዲስክ መረጃ በሙሉ ወደ አዲሱ አዛወረው። አሮጌውን ከግሩፑ አስወጥቼ ለጋሼ አስረከብኩ። የግዢ ጥያቄው ግን እስከ ጥር ድረስ ፊርማ ሲጠብቅ ቆየ።